ኮከቡ ሞልቶ ቆርኪው ሲሳሳት፦ ለአንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ትምህርታዊ ጌም የተመረጠበት ሂደት

ይህ ጽሑፍ በማስተምርበት አፀደ ሕፃናት ከምትማር የአራት ዓመት ከሦስት ወር ልጅ ቤተሰብ ጋር ሆነን፣ በታብሌቷ ላይ የነበሩትን ትምህርታዊ የተባሉ ጌሞች እንዴት እንደፈተሽን፣ የትኞቹን እንዳጠፋን፣ የትኞቹንም ለምን እንዳቆየን የሚያስረዳ ነው። የቤተሰቡን ማንነት የሚጠቁም ዝርዝር ሁሉ ትቼዋለሁ። የጌሞቹንም ስም አልጠቅስም፤ አንድ አፕ በአንድ ማሻሻያ ብቻ ጠባዩ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዛሬ በስም የማመሰግነው ነገር አንባቢው ሲያወርደው ያው ላይሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደስታ ነበር። የልጅቷ እናት አንድ ቀን ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ታብሌቱን ከፍተው አሳዩኝ። የቁጥር ጌሙ ደረጃዎች በሙሉ አልቀዋል፣ የኮከብ ሰሌዳው ሞልቷል፣ በመጨረሻው ገጽ ላይም ዋንጫ ተቀምጧል። «ቲቸር፣ እንግዲህ መደመር እናስጀምራት ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ከማየው ጋር አልገጠመልኝም። ልጅቷ እስከ ሃያ ድረስ ሳትሳሳት ትቆጥራለች፤ ነገር ግን ለሦስት ጓደኞቿ እርሳስ አምጪ ስትባል አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አምስት ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አሥር ቆርኪ ደርድሬ «አራት ስጪኝ» አልኳት። እፍኟን ሞልታ ሰጠችኝ። «አራት ነው?» ስላት «አዎ» አለች። እንድትቆጥረው ጠየቅኋት፤ እያንዳንዱን ቆርኪ በጣቷ እየነካች እስከ ስድስት በትክክል ቆጠረች። «ታዲያ አራት ነው?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት፤ አሁንም «አዎ» አለች። እናቷ ዝም አሉ።

ይህ ፍተሻ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 ሕፃናት ስለ ቆጠራ ያላቸውን ግንዛቤ በተመለከተ ባሳተሙት ጥናት ተጠቅመውበታል። ሕፃናት የቁጥር ስሞችን በቅደም ተከተል መጥራት ከቻሉ በኋላም፣ በመጨረሻ የተጠራው ቁጥር የነገሮቹን ብዛት እንደሚናገር እስኪገባቸው ብዙ ወራት ያልፋሉ። በመጀመሪያ የአንድን ትርጉም ያውቃሉ፣ ቀጥሎ የሁለትን፣ ከዚያም የሦስትን፤ ከዚህ በኋላ ነው የቆጠራው ምሥጢር የሚገለጥላቸው። በአራት ዓመቷ እዚህ ላይ የምትገኝ ልጅ የሚያሳስብ ችግር አለባት ማለት አይደለም፤ ይህንንም ለእናቷ ወዲያው ነገርኳቸው። ያሳሰበን ሌላ ነው፦ ታውቀዋለች ብሎ ጌሙ በዋንጫ የመሰከረላትን ነገር ልጅቷ ገና አልጀመረችውም ነበር።

በታብሌቱ ላይ የነበረው

በቤተሰቡ ፈቃድ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄጄ፣ ልጅቷ ስትጫወት ከጎኗ ተቀምጬ ተመለከትኩ። በታብሌቱ ላይ አሥራ አንድ ጌሞች ነበሩ። ሁሉም ከአፕ መደብሩ የትምህርት ክፍል የወረዱ፣ ከተጠቃሚዎች ከፍተኛ ነጥብ የተሰጣቸውና ለትንንሽ ልጆች ተስማሚ የተባሉ ናቸው። ወላጆቹ በግዴለሽነት አልመረጧቸውም፤ አባቷ እያንዳንዱን ከማውረዳቸው በፊት የሌሎችን አስተያየት ያነብቡ ነበር። ሆኖም አስተያየቶቹ በአብዛኛው የሚናገሩት ልጁ ጌሙን እንደወደደውና ረጅም ሰዓት ጸጥ ብሎ እንደተቀመጠ ነው፤ ልጁ ምን እንዳወቀ የሚናገር አስተያየት ግን እምብዛም አላገኘንም።

ዋንጫ የተሸለመችበት ጌም የሚሠራው እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ጥቂት ሥዕሎች ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሦስት ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ልጁ የሥዕሎቹን ብዛት የሚያመለክተውን ቁጥር መንካት ይጠበቅበታል። ልጅቷ ሥዕሎቹን አላየቻቸውም። ዓይኗ በቀጥታ ወደ ቁጥሮቹ ይሄዳል፣ ጣቷ ከግራ ጀምሮ አንዱን ይነካል፤ ካልሆነ ቀጣዩን፣ ካልሆነም የመጨረሻውን። ምንም ሳያስቡ መንካት እንኳ ከሦስት ጥያቄ አንዱን በመጀመሪያው ሙከራ በዕድል ያስመታል፤ በሦስተኛው ንክኪ ደግሞ መልሱ መገኘቱ የግድ ነው። ጌሙም ቆጥሮ ለመለሰና እየደባበሰ ለደረሰበት ያንኑ ኮከብ ይሰጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሳሳተው ቁጥር ሲነካ እየተንቀጠቀጠ የሚያስቅ ድምፅ ማውጣቱ ነው፤ ልጅቷ ያንን ለመስማት ስትል ብቻ ሆን ብላ ስትስት በዓይኔ አይቻለሁ። እርሷን ልወቅሳት አልችልም። ጌሙ የሚጠይቃት ቶሎ ቶሎ መንካትን ነበርና፣ የተጠየቀችውን በሚገባ ተምራለች።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋው ነው። ጥያቄውን የሚያነብበው ድምፅ የሚናገረው ልጅቷ በቤቷ በማትሰማው ቋንቋ ነበር። ወላጆቹ ይህን እንደ ጥቅም ቆጥረውት ነበር፤ አብራ ቋንቋውን ትለምዳለች ብለው አስበዋል። ቁጥርንም ቋንቋንም በአንድ ጊዜ ያልያዘች ልጅ ግን ጥያቄው ራሱ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ጥያቄውን ያላወቀች ልጅ ደግሞ ከመገመት በቀር ምርጫ የላትም። አዲስ ቋንቋ የሚማሩበት ጨዋታ ለብቻው ሊኖር ይችላል፤ ቁጥር የሚማሩበት ጨዋታ ግን ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ማስታወቂያው ነው። ከአሥራ አንዱ ጌሞች በብዙዎቹ ውስጥ በየደረጃው መሐል ማስታወቂያ ይመጣል፤ የመዝጊያዋ ምልክት ለአዋቂ ጣት እንኳ የምታስቸግር ናት። በአንዱ ጌም ውስጥ ልጅቷ ጨዋታውን ልታቆም ስትል አጫዋቹ እንስሳ ያለቅሳል። በዚያ ሰዓት ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር ብላ «አዘነብኝ» ስትል ሰማሁ። ይህን ካየሁ በኋላ ያንን ጌም ስለ ትምህርት ይዘቱ ለመመርመር እንኳ ፈቃደኛ አልሆንኩም። የአራት ዓመት ልጅ የተሣለን እንባ ከእውነተኛው ለመለየት አቅሟ ገና ነው፤ ርኅራኄዋን መያዣ አድርጎ ስክሪን ላይ ማቆየት ለእኔ በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ትምህርታዊ የሚለውን ስም የሚሰጠው ማን ነው

አባቷ በዚህ ጊዜ ያነሡት ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ነበር፦ «ታዲያ ትምህርታዊ ነው ያለው ማን ነው?» መልሱ በአብዛኛው ጌሙን የሠራው ራሱ ነው። አፑ በመደብሩ ውስጥ በየትኛው ክፍል እንዲቀመጥ የሚመርጠው አቅራቢው ነው። የዕድሜ ምልክቱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ፔጊ የተባለው የዕድሜ ምደባ 3 የሚል ምልክት ሲሰጥ፣ በጌሙ ውስጥ ትንሽ ልጅን የሚያስፈራ ወይም የማይገባው ነገር የለም ማለቱ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሊጫወተው ይችላል፣ ከእርሱም ይማራል ማለት አይደለም፤ የቼዝ ጌም እንኳ ይህንኑ ምልክት ያገኛል።

ለወላጆቹ ሦስት ጥናቶችን አጠር አድርጌ አስረዳኋቸው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቷቸውን 135 አፖች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከአፖቹ 95 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እንዳለባቸው አግኝተዋል። ካቲ ኸርሽ ፓሴክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሕፃናት አእምሮ የታወቀውን ሰብስበው፣ አንድ አፕ በእርግጥ የሚያስተምር እንዲሆን የልጁ አእምሮ በሥራ ላይ መሆን እንዳለበት፣ ሐሳቡ ከጉዳዩ በሚያዘናጋ ነገር መበተን እንደሌለበት፣ የሚማረው ነገር ከሕይወቱ ጋር መገናኘት እንዳለበትና ከሌላ ሰው ጋር የሚያነጋግረው መሆን እንደሚገባው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ መለኪያ ይዘው በብዛት የሚወርዱ ትምህርታዊ አፖችን የመዘኑ ተመራማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዝቅተኛ ነጥብ እንዳገኙ አሳይተዋል። ይህን የነገርኳቸው ወላጆቹ ራሳቸውን እንዳይወቅሱ ጭምር ነው፤ መደብሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ዕቃ እንዲህ ከሆነ፣ ጥሩ ያልሆነውን ማንሣት የጥንቃቄ ጉድለት ምልክት አይደለም።

ዓይንን ጨፍኖ መጫወት

ምርጫውን ከጌም አልጀመርንም። በመጀመሪያ የወሰንነው ልጅቷ አሁን የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ምን እንደሆነ ነው፤ እርሱም እስከ አምስት ያለ ብዛት ነበር። ፊደል፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የእንስሳት ስም ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን ተባለ። አባቷ በዚህ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ሁሉንም በአንድ የሚያስተምር ጌም እያለ ለምን አንድ ነገር ላይ እንቆማለን አሉ። የእኔ ሐሳብ ግን ሁሉን አስተምራለሁ የሚል ጌም በአንዱም ላይ በቂ ጊዜ አይቆምም የሚል ነበር፤ እስካሁንም በዚሁ ሐሳቤ ነኝ።

ቀጥሎ ሦስታችን አዋቂዎች፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ ጌሞቹን ራሳችን ተጫወትናቸው። የፍተሻችን ዋና መሣሪያ ቀላል ነው፦ ሆን ብሎ መሳሳት። አንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን ስክሪኑን በዘፈቀደ እንነካለን፤ ሌላው ጌሙ ምን እንደሚያደርግ ይመዘግባል። ምንም ሳያይ የነካ ሰው ደረጃ እያለፈ ከሄደ፣ ያ ጌም ማሰብን አይጠይቅም ማለት ነውና ይወገዳል። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ዓይናችንን ገልጠን ዐሥር ጊዜ እንሳሳትና፣ ጌሙ ስህተቱን የሚያሳይበትን መንገድ እንመለከታለን። «አይደለም» ብሎ የሚያልፍ ጌም አለ፤ ትክክለኛውን መልስ ራሱ ሰጥቶ የሚያልፍም አለ፤ በጣት የሚቆጠሩት ብቻ ልጁ ያደረገውን መልሰው ያሳዩታል፣ አብረውት ይቆጥራሉ፣ እንደገና እንዲሞክርም ዕድል ይሰጡታል። በዚህ ፍተሻ ብቻ ከአሥራ አንዱ ሦስት ቀሩ። እናቷ ባለ ዋንጫውን ጌም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ አምስተኛው ደረጃ ሲደርሱበት፣ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አላነሡትም።

ከቀሩት ሦስቱ ውስጥ በጣም ያከራከረን የተረት ጌሙ ነው። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ ተረቱም በመቁጠር የተሞላ ነው። ሆኖም በየገጹ ላይ ሲነኩ የሚዘልሉ፣ የሚዘፍኑ፣ የሚፈነዱ ነገሮች ተበትነዋል። አባቷ ይህ ልጅን የሚስብ ሕይወት ነው አሉ። ልጅቷን አስጠርተን አንድ ጊዜ እንድታየው አደረግንና ስትጨርስ «ምን ሆነ?» ብለን ጠየቅናት። የነገረችን ስለሚፈነዳው ፊኛ ነው፤ ፊኛው ከተረቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። አባቷ ራሳቸው አጠፉት። አንድ ነገር ሲነካ መንቀሳቀሱ መጥፎ አይደለም፤ የሚንቀሳቀሰው የሚማሩት ነገር ራሱ ሲሆን ይረዳል፣ ከጉዳዩ ውጭ ሲሆን ግን የልጁን ዓይን ይነጥቃል።

የቆየው የቁጥር ጌም በመልኩ ከሁሉም ያነሰ ነበር። አንድ እንስሳ ቅርጫት ይዞ ይቀርብና የተወሰነ ብዛት ይጠይቃል፤ ልጁ ነገሮቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ ቅርጫቱ ይጨምራል፤ በቃኝ ሲል «ጨረስኩ» የሚለውን ምልክት ይነካል። የሚመረጥበት የተዘጋጀ መልስ የለም፤ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው ልጁ ነው። ይህ ከቆርኪው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ብዛቱ ከበለጠ ወይም ካነሰ፣ እንስሳው ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያወጣ ይቆጥርና እንደገና ያስሞክራል። ኢንተርኔቱን ዘግተን ሞከርነው፤ ሠራ። ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል ጥያቄውን ወላጅ በራሳቸው ቋንቋ ሊጠይቁላት ቻሉ። ከጥቂት ዙር በኋላም እንስሳው ተኝቶ ጨዋታው በራሱ ያበቃል፤ እንደ እኔ ግምት ይህ መጨረሻ ያለው መሆኑ ከማንኛውም ሌላ ባሕርይው ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ አዋቂው ታብሌቱን ከልጁ እጅ መንጠቅ አያስፈልገውም። ሁለተኛው የቆየው ነጥብም ሆነ ኮከብ የሌለው የሥዕልና የግንባታ ጌም ነው።

ከስክሪን ውጭ አንድ ነገር ጨመርን። ጂታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ቀጥ ያለ የካርቶን መንገድ ላይ የተጫወቱ የቅድመ መደበኛ ልጆች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአራት ጊዜ ያህል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በመጫወት ብቻ የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል፤ መሻሻሉም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ አልጠፋም። ተመሳሳይ መንገድ በቀለም ብቻ የተጫወቱት ግን ይህን ለውጥ አላሳዩም። እኛም በካርቶን ላይ አሥር ቤት ሠርተን፣ ቆርኪን ተጓዥ አድርገን ሰጠናት። ስለ ጌም ምርጫ ስናወራ ካርቶን ማንሣቴ ከርዕስ መውጣት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንድን ጌም ለመምረጥ በመጀመሪያ መወዳደር ያለበት ያለ ስክሪን ሊደረግ ከሚችለው ነገር ጋር ነው።

ስድስት ሳምንት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢያንስም እንደሚሻል ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ይህንኑ የአንድ ሰዓት ጣሪያ አስቀምጦ፣ አዋቂ አብሯቸው እንዲያይ አሳስቧል። ልጅቷ ሌላም የምታየው ነገር ስለነበር ለጌሙ በቀን 20 ደቂቃ ወሰንን፤ ከጎኗ አዋቂ በሌለበት ሰዓት ታብሌቱ እንዳይከፈትም ተስማማን።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጅቷ ኮከቧን ፈለገች፤ አዲሱን ጌም «ምንም አይሰጥም» ብላ ወረወረችው፤ ሁለት ቀን አልቅሳለች። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሣል የሚወዱ የአፀደ ሕፃናት ልጆች ከሣላችሁ ሽልማት ታገኛላችሁ ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት ጊዜ ለመሣል የነበራቸው ፍላጎት እንደቀነሰ አሳይተዋል። ይህን ስለማውቅ የልጅቷ ልቅሶ አላስገረመኝም፤ ለወላጆቹም ከመጀመሪያው ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ከኮከብ ይልቅ እንስሳው ሲተኛ «ደህና እደር» ማለት ወደደች፤ ነገሩም ረገበ።

አብሮ በመቀመጡ በኩል ከሁሉም የተሳካላቸው አያቷ ናቸው። አያቷ ታብሌት መጠቀም አይችሉም፤ ስለዚህ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አሁን ስንት ሆነ? ለምን አቆምሽ?» እያሉ የሚጠይቁት ከልባቸው ነበር፤ ልጅቷም የምታደርገውን ሁሉ በቃል ማስረዳት ግድ ሆነባት። እኔና ወላጆቿ መልሱን እያወቅን ስንጠይቃት የምትሰጠን መልስ አጭር ነበር። ይህን አስቀድሜ አላቀድኩትም፤ ከዚህ ጉዳይ ለራሴ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ግን ይኸው ነው፤ በክፍሌም የጥያቄዬን አጠያየቅ ቀይሬበታለሁ።

በየሳምንቱ መጨረሻ በቆርኪ፣ በእርሳስና በማንኪያ እፈትናት ነበር፤ ጌሙ ውስጥ ምን ያህል እንደሄደች አልመዘገብንም። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ስትባል ሦስት መስጠት የማትስተው ነገር ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት አራት ስጠይቃት እፍኟን ዘግና፣ ቆም ብላ ተመለከተችና፣ ቆጥራ ትርፉን መለሰችው። በስድስተኛው ሳምንት አምስትንም ሰጠች፤ ሰባት ስላት ግን ቆጠራው መሐል ላይ ተምታታባት። ይህ ለውጥ ከጌሙ ብቻ የመጣ ነው አልልም። በእነዚያ ሳምንታት ዕድሜዋም ጨምሯል፣ በክፍልም ተምራለች፣ የካርቶን መንገዱም ነበረ፣ አያቷም ነበሩ። የሥዕልና የግንባታ ጌሙን ደግሞ የመረጥኩት እኔ ብሆንም በአራት ቀን ውስጥ ሰለቻት፤ በእውነተኛ እንጨት መገንባት የምትወድ ልጅ መሆኗን አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ አልመርጠውም ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት እናቷ ደወሉልኝ። የቅርጫቱ ጌም በራሱ አፕዴት ሆኖ፣ ልጅቷ ስትከፍተው በየቀኑ የሚመጣ የስጦታ ሣጥንና ገና ያልተከፈቱ እንስሳት ተደርድረው ታይተዋል፤ እንስሳውም መተኛቱን ትቷል። ወላጆቹ ልጅቷን ካስተኙ በኋላ ፍተሻውን እንደገና ከመጀመሪያው ሠሩት። ቆጠራው እንደ ቀድሞው ነው፤ መጨረሻው ግን ጠፍቷል፣ ሣጥኑም ሊዘጋ አልቻለም። ጌሙን አጠፉት፤ በሌሎቹ አፖች ላይም አፕዴት በራሱ እንዳይጫን ዘጉ። ልጅቷ በማግሥቱ እንስሳው የት እንደሄደ ጠየቀች፤ አያቷም ቅርጫት አምጥተው «እኔ ነኝ፣ አምስት ስጪኝ» አሏት።